አምስት ቀን ተኩል

ሳሪስ ውስጥ ስምንተኛው ሺህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይገባል። ሽንኩርት ሲወደድ ይገባል፤ በጥር ዝናብ ሲጥል ይገባል፤ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነፍሰ ጡር ቆማ እያየ ከሚኒባስ ወንበሩ ንቅንቅ ሳይል ሲቀርም ይገባል። ከአዲስ ሰፈር በኩል የሚወርዱ አንዲት እናት አሉ። ከገበያ ሲመለሱ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «ስምንተኛው ሺህ ማለት ይኸው ነው» ሳይሉ ዘንቢላቸውን መሬት አያስነኩም።

ነገሩ ግን ከገባ ቆይቷል። በቤተ ክርስቲያናችን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነው። እሱ ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ይመጣል። ስለዚህ ሰባተኛው ሺህ ያለቀው በ1500 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ ስምንተኛው የጀመረው በማግስቱ መስከረም ነው። በዚያ ሰሞን ዙፋን ላይ የነበሩት አፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያሳያቸው ይጸልዩ ነበር ይባላል። ጸሎታቸውም ሰመረ፤ ዘመኑ ሊለወጥ ወር ገደማ ሲቀረው በነሐሴ ዐረፉ። ዙፋኑንም ስምንተኛውን ሺህም ለልጃቸው ለልብነ ድንግል ተዉላቸው። ሃያ ዓመት አለፍ እንዳለ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት መጣ። «ብለን ነበር» የሚል ሰው በዚያም ዘመን አልጠፋም ብዬ እገምታለሁ።

በዚህ ነገር እኛ ብቻ አይደለንም። ቢዛንታይኖች ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ በፊት በ5509 ነው ስለሚሉ፣ ሰባተኛው ሺህ የሞላላቸው በአውሮፓውያኑ 1492 ነበር። ሞስኮዎች የፋሲካ ማውጫቸውን እስከዚያ ዓመት ብቻ አዘጋጅተው አቁመው ነበር። ዓለም ሳያልፍ ሲያድር ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ቁጭ ብሎ የቀጣዮቹን ዓመታት ፋሲካ ማስላት ግድ ሆነበት። የዓለም ፍጻሜ ሲቀር ለካ የወረቀት ሥራ ያመጣል።

ለእኒያ እናት አንድ ቀን፣ ዘንድሮ የስምንተኛው ሺህ 518ኛ ዓመት መሆኑን፣ እስኪያልቅም ገና 482 ዓመት እንደሚቀረው በትህትና ነገርኳቸው። አፍጥጠው አዩኝ። «እና እስከዚያ ድረስ ሽንኩርት በዚህ ዋጋ ሊሸጥ ነው?» አሉ።

የዘመን ቆጠራው ጉባኤ ግን የሚካሄደው እሳቸው ዘንድ አይደለም። ከአቦ ወረድ ብሎ፣ የአንድ ጋራዥ ቆርቆሮ አጥር ተደግፋ የተዘረጋች ጀበና ቡና አለች፤ እዚያ ነው። ከበርጩማዎቹ አንዱ ሦስት እግር ብቻ ስላለው የሚሰጠው ለእንግዳ ነው። ቋሚ ታዳሚዎቹ፣ ቱታውን እንደለበሰ የሚመጣ ጴንጤ መካኒክ፣ አንድ ዲያቆን፣ ጂኦሎጂ የሚማር የሰፈር ልጅ፣ ባለሱቁ ሐጂና አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። መምህሩ ላዳቸውን ለመካኒኩ ሰጥተው የሚጠብቁ ስለሆኑ ታዳሚ የሆኑት ወደው አይደለም። የዓለምን ዕድሜ ማን እንዳነሳው አይታወቅም፤ ብቻ አቦሉ ሳይወርድ ይነሳል።

መካኒኩ ጥርት ያለ አቋም አለው። ፈጣሪ ዓለምን የሠራው በስድስት ቀን ነው፤ ቀን ማለት ደግሞ 24 ሰዓት ነው፤ ምሽትና ንጋት እንዳለው ተጽፏል፤ አለቀ። «ቀኑን ማሳጠርም ማስረዘምም ክህደት ነው» ይላል፣ በዘይት የወዛ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።

መምህሩ ስኒያቸውን ሳያነሱ «ልጄ፣ ላዳዬን መቼ ነበር ውሰድ ያልከኝ?» አሉት።

«ሐሙስ ነበር ያልኩዎት፣ ጋሼ።»

«የቱ ሐሙስ?»

«ፍሪሲዮኑ ጠፍቶ እኮ ነው።»

«አይ፣ ሦስት ቀን ስላልከኝ ነው። በፈጣሪ ቀን ይሁን በጋራዥ ቀን ሳልጠይቅህ ቀረሁ።»

መካኒኩ ዓለም 6 ሺህ ዓመቷ ነው ይላል። ከየት አመጣኸው ሲባል ስልኩን ያሳያል፤ በአማርኛ ድምፅ የተጫነለት የአሜሪካ ሰባኪ ነው። ሰባኪው ራሱ ከማን እንደወሰደው አይናገርም። ቁጥሩን ያወጡት ጄምስ አሸር የተባሉ አየርላንዳዊ ሊቀ ጳጳስ ናቸው፤ በ1650 ባሳተሙት መጽሐፍ ፍጥረት የጀመረው ከክርስቶስ በፊት 4004፣ ጥቅምት 23 ቀን (በእነሱ አቆጣጠር) ነው ብለው ቆርጠዋል። እኒያ የአየርላንድ ሊቅ 370 ዓመት አልፎ ሳሪስ ላይ፣ ያውም በፍሪሲዮን ጠጋኝ፣ ጥብቅና ይቆምልኛል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ዲያቆኑ በ7518 ጸንቷል። በሁለቱ መሀል 1500 ዓመት ገደማ ጠፍቷል፤ እንዲህ ያለ ጉድለት በዕድር መዝገብ ላይ ቢገኝ ገንዘብ ያዡ አይተርፍም ነበር። ጉድለቱ ግን አድራሻ አለው። በዕብራይስጡ ኦሪት አዳም ሴትን የወለደው በ130 ዓመቱ ነው፤ በሰባ ሊቃናት ትርጉም በ230። ሴት ሄኖስን የወለደው በአንዱ በ105፣ በሌላው በ205፤ ሄኖስ ደግሞ በ90 ወይም በ190። የግእዙ ኦሪት የተተረጎመው ከሰባ ሊቃናት ስለሆነ እኛ በአባቶቹ ዕድሜ ላይ መቶ መቶ የተጨመረውን ይዘናል። ደስ የሚለው፣ አዳም በስንት ዓመቱ ሞተ ሲባል ሁለቱም ወገን 930 ላይ ይገናኛል። ጠባቸው አሟሟቱ ላይ ሳይሆን በስንት ዓመቱ ልጅ ታቀፈ የሚለው ላይ ነው። ይህን ነገር መምህሩ ሲያብራሩ መካኒኩም ዲያቆኑም ደስ አላላቸውም። ሰው ጠቡ ምክንያት ሲገኝለት ቅር ይለዋል።

ሐጂ በዚህ መሀል «በእኛም ስድስት ቀን ነው» አሉ። ቁርኣን በአንድ ቦታ በጌታ ዘንድ ያለ ቀን እንደ ሺህ ዓመት መሆኑን፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ልኩ 50 ሺህ ዓመት የሆነ ቀን እንደሚጠቅስ ተናግረው፣ ደንበኛ ስለመጣባቸው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ከሁሉም ያጠረው ንግግር የሳቸው ነበር፤ ሳሙናም ሸጡ።

ተማሪው የሚያነሳት ጥያቄ አንድ ናት፤ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ያነሳታል። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ እሑድን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ማን ቆጠራቸው? በምን ሰዓት? ጥያቄዋ የሱ ፈጠራ መስላው ነው እንጂ ከ1600 ዓመት በፊት አውግስጢኖስ በሷ ሲጨነቅ ኖሮ፣ በመጨረሻ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የተፈጠረ ነው፣ ስድስቱ ቀን ለእኛ መረዳት የተሰጠ ቅደም ተከተል ነው እስከ ማለት ደርሷል። ዲያቆኑ ግን አውግስጢኖስ አያስፈልገውም። ብርሃን ራሱ እሑድ የተፈጠረ ነው ይልና ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በአንድ ትንፋሽ መዘርዘር ይጀምራል፦ እሑድ ስምንት፣ ማለትም እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ መሬት፣ ጨለማ፣ ሰባቱ ሰማያት እንደ አንድ ተቆጥረው፣ መላእክትና ብርሃን፤ ሰኞ ጠፈር ብቻ፤ ማክሰኞ ሦስት፤ ረቡዕ ሦስት። ሐሙስ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በእግር የሚሽከረከር፣ በልቡ የሚሳብ፣ በክንፍ የሚበርር ብሎ ሦስት መሙላት ሲገባው በልቡ የሚሳበው ይጠፋዋል። መምህሩ በስኳር ማንኪያ ስኒ እየነኩ ሲቆጥሩለት 21 ላይ ቆመ። «አንድ ፍጥረት ጎድሎሃል፤ ዓሣ ይሁን አዞ ፈልገው» አሉት።

እስቲ አሁን ልብ በሉ። ይኸው ዲያቆን፣ ከስድስቱ ቀን አንዱም ከ24 ሰዓት በአንዲት ደቂቃ አይበልጥም በሚለው ከመካኒኩ ጋር ፍጹም ተስማምቷል፤ በዚህች ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ከሚስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዷ ይህች ናት። አቦል አልቆ ቶና ሲቀዳ ግን ወሬው ወደ አዳም ተስፋ ዞረ። አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ አምላክ በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ብሎ ቃል ገባለት። ዲያቆኑ ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እውነቱን ነው፣ የሚያስለቅስ ነገር ነው።

«አምስት ቀን ተኩል ማለት?» አለ ተማሪው፣ ወጥመድ እንደሆነ እያወቀ።

«አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ነዋ! በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት መሆኑን አታውቅም?»

«ስድስቱ ቀንስ?»

«እሱ ስድስት ቀን ነው።»

«ያኛው ሺህ፣ ይሄኛው 24?»

«ያኛው ተስፋ ነው፤ ይሄ ሥራ ነው» አለ ዲያቆኑ። ቶናው እስኪያልቅ ማንም መልስ አላገኘለትም። እኔ በበኩሌ ከመልሱ ይልቅ የድፍረቱ ውበት ደነቀኝ። ተኩሏን ሳይቀር እኮ ነው ያሰላት፤ ግማሽ ቀን 500 ዓመት።

ፌዜ በሊቃውንቱ ላይ አይደለም። እነሱ ሁለቱንም ሚዛን ጎን ለጎን ይዘው ሲሠሩበት ኖረዋል፤ እንደ ሳሪስ ጠረጴዛ አንዱን ሲፈልጉ አውጥተው ሌላውን ኪሳቸው የሚሸሽጉ አልነበሩም። ዛሬ ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ ሃያ ሁለቱን ሥራዎች በስድስት ቀን ይቆጥርና፣ አለፍ ብሎ ደግሞ አዳም ከሺህ ዓመት 70 ጎድሎት የሞተበትን ምክንያት ይነግረናል፤ በሰማይ ምስክርነት ሺህ ዓመት አንድ ቀን ስለሆነ፣ ከዛፏ በበላህ ቀን ትሞታለህ የተባለው ቃል በዚያችው «ቀን» ውስጥ ተፈጸመ። የአንድምታ መምህራንም ለአንድ ቃል ሦስት አራት ፍቺ ደርድረው አንዱን በሌላው ሳይሽሩ ያልፋሉ። ጀበናው ጋ ግን «አንድም» የሚል ሰው የለም። ሁሉም አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ያንንም ሲመቸው ይለጥጠዋል።

የዓለም ልደትም ያጨቃጭቃል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዓለም መፈጠር የጀመረው መጋቢት 29 ነው፤ የጌታ ፅንሰትም ጥንተ ትንሣኤውም በዚያው ዕለት ይታሰባል። ታዲያ ዓለም በመጋቢት ተፈጥሮ ዓመቱ የሚለወጠው በመስከረም ነው። ተማሪው «መስከረም 1 የማን ልደት ነው?» ሲለው ዲያቆኑ «የዓመት» ብሎ ገላገለው። ዘንድሮ መጋቢት 29 ማክሰኞ ይውላል። ስለ ዓለም ዕድሜ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮኽ ሁሉ፣ ለዚያች ቀን አንዲት ሻማ እንኳ ሲያበራላት አላየሁም።

የጠረጴዛው ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ቡና አፍይዋ ልጅ በየዋህነት «ዘንድሮ ወንጌላዊው ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ነው። ዲያቆኑ ስልኩን አወጣ። ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍሎ ቀሪውን ማየት ነው፤ አንድ ከቀረ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 7518ን ለ4 ሲያካፍል ስልኩ 1879.5 አለው።

«ነጥብ አምስት...» አለ ዲያቆኑ።

«ነጥብ አምስት የሚባል ወንጌላዊ የለንም» አሉ መምህሩ።

ስልክ ቀሪ አይሰጥም፤ ነጥብ ነው የሚሰጠው። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፉ በቀሪ የሚኖር የዘመን ቆጠራ ትምህርት ነው። መምህሩ የኒያላ ሲጋራ ባኮ ቀድደው በእጃቸው አካፈሉ፤ ሁለት ተረፈ፣ ማርቆስ። ከዚያ ሞቅ አላቸው። 7518 ለ19፤ ስልኩ 395.684 ሲል ሳቸው 13 ቀሪ አገኙ። አንድ ተነሥቶ ወንበር 12። አሥራ ሁለት በ11 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። አሥራ ሁለት በ19 228፤ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጡ። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ደግሞ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7፤ መባጃ ሐመር 25። ስለዚህ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

በትውፊት ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ስሌት በአንድ የሲጋራ ባኮ ጀርባ ላይ ሲያልቅ፣ መካኒኩ ሳይቀር ዝም ብሎ አየ። የዓለምን ዕድሜ ከአፍ መንጠቅና ያንን ዕድሜ ይዞ የዘንድሮን ጾም ማግኘት ለየቅል መሆናቸው ያኔ ነው የታየኝ። 7518ን በጩኸት የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ለ19 የሚያካፍለው አንድ ጡረተኛ ሆኖ ተገኘ፣ እሳቸውም ላዳቸው ስላልተሠራ።

ቡና አፍይዋ ጤና አዳሟን ስኒ ውስጥ እየነከረች «ፋሲካ ሚያዝያ 4 መሆኑ እዚያ ላይ አለ እኮ» አለች፣ በአገጯ ከአጥሩ ላይ የተሰቀለውን የልኳንዳ ቤት ካሌንደር እያመለከተች። እውነትም አለ። ጾም መቼ ገብቶ መቼ እንደሚፈታ ከልኳንዳ ነጋዴ የበለጠ ማን ይጠንቀቅ?

አንድ ቁጥር ግን አለ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ማንም ተከራክሮበት አያውቅም። ከበላያችን ያለው ቤተ ክርስቲያን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ገድላቸው 562 ዓመት እንደኖሩ ይናገራል። ጥቅምት 5ና መጋቢት 5 መንገዱ በምእመን ሲሞላ ቀላል ባቡሩ እንኳ እየተንፏቀቀ ነው የሚያልፈው። ተማሪው በሚሊዮን ሲናገር የሚውል ልጅ ሆኖ፣ 562ን ሲሰማ ስኒው ውስጥ ያያል። እናቱ በአቦ ስለት እንደወለዱት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳይንስም ቢሆን ከእናት ጋር አይጋጭም።

የተማሪው ትጥቅ ሉሲ ናት። ኅዳር 15 ቀን 1967 አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን የሚገመተው ድንቅነሽ። እሷን ባነሳ ቁጥር ዲያቆኑና መካኒኩ በአንድ ድምፅ «የዝንጀሮ አጥንት!» ይላሉ። ዲያቆኑ ይብሳል፤ በ7518 ዓመት ዓለም ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ዓመት የት አባቱ ይገባል?

ይህ አቋም ግን ለአገር ውስጥ ፍጆታ ነው። አገራችን ለቱሪስት «ምድረ ቀደምት» ስትባል፣ የሰው ዘር መገኛ ስትባል፣ ደረቱን ነፍቶ የማይሰማ ሰው ሳሪስ ውስጥ አላጋጠመኝም። ከፈረንጅ ፊት ሲሆን ሁላችንም ሚሊዮን እንላለን፤ ፈረንጁ ሲሄድ ወደ ሰባት ሺሁ እንመለሳለን። እንደ በዓል ልብስ ነው መሰለኝ፤ ለእንግዳ ይለበሳል፣ ሲሸኝ ይታጠፋል። በኢትዮጵያ ብቻ ይመስለኛል አንድ ተማሪ ጠዋት ክፍል ውስጥ 3.2 ሚሊዮን ብሎ ፈተና አልፎ፣ ማታ ሰንበት ትምህርት ቤት 7518 ብሎ ተጨብጭቦለት፣ በሁለቱም ሳይዋሽ እንቅልፉን የሚተኛው።

ባለፈው ዲያቆኑ ከአሜሪካ የመጣ የአጎቱን ልጅ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰደው። ከድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ፊት ለፊት ተያይዘው ፎቶ ተነሱ፤ ዋናው አጥንት ካዝና ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ዲያቆኑ ፎቶውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ከሥሩ «ከሁላችንም እናት ጋር» ብሎ ጻፈ። ተማሪው ፎቶውን በማግስቱ ጀበናው ጋ እያዟዟረ ሲያሳይ መካኒኩ በሳቅ ቡናው ትን አለው።

ዲያቆኑ አላፈረም። «ለእንግዳ ነው» አለ።

«ቆይ ግን» አለ ተማሪው፣ የመምህሩን እስክሪብቶ ተውሶ፤ «አንተ ባልከው ሒሳብ እናስላው። ሺህ ዓመት አንድ ቀን ከሆነ 3.2 ሚሊዮን ስንት ቀን ነው?»

መምህሩ ወረቀት አላስፈለጋቸውም። «ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ቀን» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት አይሞላም።»

ዲያቆኑ ስኒውን አስቀምጦ ጥቂት አሰላሰለ። ፎቶውን እንደገና አየው።

«እንዲህ ከሆነማ የቅርብ ሰው ናት» አለ።